ሦስት ቀን የተቀረጸበት የመቃብር ድንጋይ

በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ክሊርዋተር በምትባል ከተማ አንድ የመቃብር ድንጋይ አለ። በመቃብር ድንጋይ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ሁለት ቀን ነው፤ ሰውየው የተወለደበትና ያረፈበት። በዚህኛው ላይ ግን የተቀረጸው ሦስት ነው። የመጀመሪያው የልደት ቀኗ ነው፤ ዲሴምበር 3 ቀን 1963። ሁለተኛው ከዚህ ዓለም የተለየችበት ተብሎ የተጻፈው ነው፤ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1990። ሦስተኛው ደግሞ ሰላም ያገኘችበት ይላል፤ ማርች 31 ቀን 2005። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራቸዋለሁ።)

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መካከል አሥራ አምስት ዓመት ከአንድ ወር አለ። ወዳጆቼ፣ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ክፍተት ነው። በአገራችን ላይድን ላይሞት ተኝቶ የሚከርምን በሽተኛ «ከሞቱት በላይ፣ ካሉት በታች» እንለዋለን። አባቶቻችን ይህን ሲሉ ሁኔታው ቢበዛ የቀናት ወይም የሳምንታት ነበር። ዛሬ ሕክምናው ያንን ስፍራ አስፍቶ ሰው ዓመታት የሚኖርበት አድርጎታል። ሰፊ ሲሆን ደግሞ ማንም ያልተዘጋጀበት ጥያቄ መጣ፤ እዚያ ያለ ሰው ስለ ራሱ መናገር ካልቻለ፣ ስለ እሱ የሚናገረው ማን ነው?

ሴትዮዋ ቴሪ ሺያቮ ትባላለች። በ2005 የጸደይ ወራት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት፣ ምክር ቤቶቹ፣ ፍርድ ቤቶቹና ሚሊዮኖች ቴሌቪዥን ተመልካቾች ስሟን እየጠሩ ተሟግተዋል። ክርክሩ ዛሬም ድረስ ሰው እንደሚያስበው ቀላል አይደለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

ሊነጋጋ ሲል የሆነው

በዚያ የፌብሩዋሪ ሌሊት ቴሪ 26 ዓመቷ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ባሏ ማይክል አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰምቶ ተነሣ። ኮሪደሩ ላይ ወድቃ አገኛት። ልቧ ቆሟል። የአምቡላንስ ሠራተኞች ደርሰው ልቧን መለሱት፤ እስከዚያ ድረስ ግን አንጎሏ ያለ ኦክስጅን ረጅም ጊዜ ቆይቷል። ሆስፒታል ስትደርስ በደሟ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከሚገባው እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ፖታሲየም የልብን ምት ከሚያስተካክሉት ማዕድናት አንዱ ነው። ሆኖም ልቧ ለምን እንደቆመ እስከ መጨረሻው በእርግጠኝነት አልታወቀም።

አንጎል ለምን እንዲህ ቶሎ ይጎዳል? ክብደቱ ከጠቅላላ ሰውነታችን ሁለት በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሰውነታችን ከሚጠቀመው ኦክስጅን ግን አንድ አምስተኛውን ያህል የሚወስደው እሱ ነው። በዚያ ላይ መጠባበቂያ የለውም። እግራችሁ ደም አጥሮት ለሰዓታት ቢቆይ ሊተርፍ ይችላል። አንጎል ግን ከአራት አምስት ደቂቃ በኋላ ሕዋሳቱ መሞት ይጀምራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ በሱ ላይ ይቆማል። የአንጎል ክፍሎች እኩል አይጎዱም። ከላይ ያለው ሰፊው ክፍል፣ የምናስብበት፣ የምናስታውስበት፣ የምንወድበትና የምንናገርበት፣ ኦክስጅን ሲያጣ መጀመሪያ ከሚሞቱት ነው። ከሥር ያለው ትንሹ የአንጎል ግንድ ግን ጠንካራ ነው። መተንፈስን፣ እንቅልፍንና መንቃትን የሚያዝዘው እሱ ነው። ጌታው የሄደበትን ግቢ አስቡት። ዘበኛው ቀርቷል፤ ሲመሽ መብራት ያበራል፣ ሲነጋ ያጠፋል፣ በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቤቱ ሰው እንዳለበት ያምናል።

ሐኪሞች ይህን ሁኔታ በአራት ደረጃ ይለያሉ፤ የሕዝብ ክርክሩ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁት እነዚህ ናቸው። ኮማ ማለት ዐይን ተከድኖ፣ በምንም ቢቀሰቅሱት የማይነቃ ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንታት አያልፍም፤ ሰውየው ወይ ይነቃል፣ ወይ ይሞታል፣ ወይ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይሸጋገራል። ሁለተኛው ቬጄቴቲቭ ስቴት የሚሉት ነው። ዐይን ይገለጣል፣ ይተኛል፣ ይነቃል፣ ያቃስታል፣ አንዳንዴ ፈገግ ይላል፣ እንባውም ይወርዳል፤ ነገር ግን ስለ ራሱና በዙሪያው ስላለው የሚያውቅ ለመሆኑ ምንም ምልክት የለም። ስሙን በ1972 ያወጡለት ብሪታንያዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ብራያን ጄኔትና አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ፍሬድ ፕለም ናቸው። ቃሉ ሰውን ከአትክልት ጋር የሚያመሳስል ይመስላልና ብዙ ቤተሰብ ያዝንበታል፤ በ2010 የአውሮፓ ሐኪሞች «ምላሽ አልባ ንቃት» የሚል ስም እንዲተካው ሐሳብ ያቀረቡት ለዚህ ነው። ሦስተኛው በ2002 መለኪያ የወጣለት ዝቅተኛ ንቃት ነው። አንድ ቀን «እጄን ጨብጠኝ» ሲባል ይጨብጣል፣ በማግሥቱ አይጨብጥም፤ ትንሽም ብትሆን ግን የምታውቅ ነፍስ እዚያ አለች። አራተኛው የአንጎል ሞት ነው። ግንዱም ጭምር ሞቷል፣ ደረት ከፍና ዝቅ የሚለው በማሽን ብቻ ነው። በአብዛኞቹ አገሮች ሕግ ይህ ሞት ነው።

ቴሪ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ናት ተባለ። አልሞተችም። ማሽን ላይም አልነበረችም፤ የምትተነፍሰው በራሷ ነው። መዋጥ ግን ስለማትችል ምግብና ውሃ በሆዷ በኩል በገባ ቱቦ ይሰጣት ነበር። ጠቡ ሁሉ የተነሣው በዚያ ቱቦ ነው።

ማሽኑና ቱቦው ከየት መጡ?

በ1952 በዴንማርክ ኮፐንሃገን ከተማ ፖሊዮ ገባ። ሕፃናት የመተንፈሻ ጡንቻቸው እየከዳቸው ይሞቱ ነበር። ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም በጉሮሮ በኩል ቱቦ አስገብቶ አየር በእጅ መግፋት እንደሚቻል አሳየ። በቂ ማሽን ስላልነበረ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየገቡ፣ ቀንና ሌሊት፣ ከበሽተኞቹ ራስጌ ተቀምጠው የጎማውን ከረጢት ይጨምቁ ነበር። ተማሪዎቹ 1,500 ያህል ነበሩ። ዛሬ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የምንለው የተወለደው ከዚያ ነው። በ1979 ደግሞ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ሐኪሞች ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ ጨጓራ ውስጥ የምግብ ቱቦ የሚያስገቡበትን ዘዴ አገኙ። መጀመሪያ የታሰበው ለሕፃናት ነበር።

ሁለቱም የተፈጠሩት ሰው ክፉውን ቀን እስኪያልፍ ለመደገፍ ነው። ክፉው ቀን ካላለፈስ? ይህን ማንም አስቀድሞ አልጠየቀም።

የጠየቁት ወላጆች ናቸው። በ1975 የ21 ዓመቷ ካረን አን ኩዊንላን በኒው ጀርሲ መጠጥና ማስታገሻ መድኃኒት ወስዳ መተንፈስ አቆመች፤ አንጎሏም ተጎዳ። ወላጆቿ አጥባቂ ካቶሊኮች ነበሩ። ቄሳቸውን አማክረው፣ ብዙ ጸልየው፣ ከመተንፈሻ ማሽኑ እንድትለይ ጠየቁ። ሐኪሞቹ እንቢ አሉ። ጉዳዩ እስከ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በማርች 31 ቀን 1976 ለወላጆቿ ተፈረደላቸው። ማሽኑ ሲለያት ግን ሁሉም እንደጠበቀው አልሞተችም። በራሷ መተንፈስ ጀመረች፤ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። ወላጆቿ የምግብ ቱቦው እንዲወጣ አንድም ቀን አልጠየቁም፤ ለእነሱ አየር የሚገፋው ማሽን ሌላ፣ ምግብ ሌላ ነበር። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን።

ቀጥላ በሚዙሪ ግዛት ናንሲ ክሩዛን መጣች። በ1983 በ25 ዓመቷ መኪናዋ ተገልብጦ ልቧ ቆሞ ነበር። የሷ ጥያቄ ስለ ምግብ ቱቦው ነበር፤ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጁን 1990 ዳኞቹ አምስት ለአራት ተከፍለው ወሰኑ። ከውሳኔው ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛ፣ ራሱን የሚያውቅ ሰው ያልፈለገውን ሕክምና እንቢ ማለት መብቱ ነው ተብሎ ተወሰደ፤ የምግብ ቱቦም ከዚህ አልተለየም። ሁለተኛ፣ ሰውየው መናገር ካልቻለ ግዛቱ ስለ ፈቃዱ «ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ» መጠየቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ የናንሲ የቀድሞ የሥራ ባልደረቦች መጥተው የተናገረችውን መሰከሩ። ቱቦው ወጣ፣ በዲሴምበር 26 ቀን 1990 አረፈች።

እንግዲህ ቴሪ በወደቀችበት ዓመት የሕጉ መንገድ ተጠርጎ ነበር። ጥያቄው «ምን ይሻላታል?» መሆኑ ቀርቶ «እሷ ብትናገር ምን ትል ነበር?» ሆኗል። ለመናገር ቀላል ነው። ለማወቅ ግን እጅግ ከባድ።

ባልና ወላጆች

በባሏ በማይክልና በወላጆቿ በሮበርትና በሜሪ ሺንድለር መካከል ከጅምሩ ጠብ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብረው አስታመሟት። ማይክል እስከ ካሊፎርኒያ ድረስ ይዟት ሄዶ አንጎሏ ውስጥ የሙከራ መሣሪያ አስተክሎላታል። ራሱም ነርስነት ተምሯል። በ1993 ሐኪሞች የቴሪን ሕመም ሳያስተውሉ ቀርተዋል በሚል ክስ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ተከፈለ፤ አብዛኛው ለእንክብካቤዋ በአደራ የተቀመጠ ነው። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 14 ቀን ባልና ወላጆች ስለ ገንዘቡና ስለ ሕክምናዋ ተጣሉ። ከዚያ በኋላ ሰላም አላወረዱም።

በ1998 ማይክል ሕጋዊ ሞግዚቷ እንደመሆኑ ለፍርድ ቤት አቤት አለ፤ ቱቦው ይውጣ ወይስ ይቆይ፣ እሷ ትፈልገው የነበረውን ፍርድ ቤቱ ይወስን አለ። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። የወሰነው ባልየው አይደለም፤ ዳኛው ጆርጅ ግሪር ናቸው።

በጃንዋሪ 2000 ምስክሮች ተሰሙ። ማይክል፣ ወንድሙና የሌላ ወንድሙ ሚስት፣ ቴሪ በሰው ሠራሽ ነገር መኖር አልፈልግም ስትል ሰምተናል አሉ። አንደኛው ንግግር የተነገረው ከአያታቸው ቀብር በኋላ፣ ሰው ተሰብስቦ ምግብ ሲቀርብ ነው። እናቷ ግን ሌላ ነገር ያስታውሳሉ። ቴሪ በወጣትነቷ ስለ ካረን ኩዊንላን ሲወራ ልጅቷን ከማሽኑ ሳይለዩ ቢተዋት ይሻላል የሚል ስሜት እንደነበራት መሰከሩ። እስቲ አስቡት፤ አንዲት ወጣት ቴሌቪዥን እያየች ወይም ከለቅሶ ቤት መልስ በምግብ መካከል የጣለቻት ዓረፍተ ነገር ከብዙ ዓመት በኋላ በሕይወቷ ላይ ማስረጃ ሆና ትቀርባለች። ከመካከላችን እንዲህ ያለ ቃል ያልጣለ ማን አለ? በትክክል ማን ያስታውሰዋል?

ዳኛው ማስረጃው ግልጽና አሳማኝ ነው ብለው በፌብሩዋሪ 2000 ቱቦው እንዲወጣ አዘዙ። በ2002 ደግሞ ሁኔታዋን እንዲመረምሩ አምስት ሐኪሞች ተሰየሙ፤ ሁለቱ በባል፣ ሁለቱ በወላጆች፣ አንዱ በፍርድ ቤቱ የተመረጡ። በወላጆች የተመረጡት መሻሻል ትችላለች አሉ፤ ሦስቱ አትችልም አሉ። ዳኛው ከሦስቱ ጋር ሆኑ፤ ይግባኝ ሰሚውም አጸናው።

ሦስት ጊዜ ወጣ

ቱቦው መጀመሪያ የወጣው በኤፕሪል 2001 ነው፤ በሁለተኛው ቀን ወላጆቿ አዲስ ክስ አቅርበው ተመለሰ። ሁለተኛው በኦክቶበር 2003 ነው። በስድስተኛው ቀን የፍሎሪዳ ምክር ቤት ለሷ ብቻ የሚያገለግል ሕግ አወጣ፤ አገረ ገዢው ጄብ ቡሽ አዘዙና ቱቦው ተመለሰ። በ2004 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ሕጉን ሻረው፤ ዳኛ የፈረደውን ምክር ቤትና አገረ ገዢ ሊገለብጡት አይችሉም አለ።

ሦስተኛው ማርች 18 ቀን 2005 ነበር። በዚያው ቀን የአሜሪካ ኮንግረስ ኮሚቴ ለቴሪ ለራሷ መጥሪያ ላከ፤ ቃሏን እንድትሰጥ አስቦ ሳይሆን ቱቦው እንዳይወጣ በሕግ ለማገድ ነው። አልሠራም። ቀጥሎ የመጣው እሑድ የምዕራባውያን ሆሳዕና ነበር። የምክር ቤት አባላት ከእረፍታቸው ተጠርተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ 203 ለ58 ድምፅ ሰጡ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ከቴክሳስ እርሻቸው በርረው ተመልሰው በዚያው ሌሊት ፈረሙ። ሕጉ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጉዳዩን እንደ አዲስ እንዲያይ የሚፈቅድ ነበር። የፌዴራል ዳኞቹ አዩና ቱቦው ይመለስ አላሉም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን አልቀበልም አለ። ቴሪ በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ማርች 31፣ በ41 ዓመቷ አረፈች። ለካረን ኩዊንላን ወላጆች ከተፈረደበት ቀን ልክ 29 ዓመት ሆኖት ነበር።

ሁለቱ ወገኖች ምን አሉ?

ይህን ክርክር ሰዎች ሃይማኖተኛና ሃይማኖት የለሽ፣ ቀኝና ግራ አድርገው ይከፍሉታል። እኔ ግን ሁለቱንም ወገን በቀናነት ማድመጥ እንደሚገባ አምናለሁ፤ ሁለቱም ከባድ ነገር ይዘዋል።

ይቆይ ያሉት እንዲህ አሉ። እየሞተች አይደለም፤ የሚሰጣት እኛም በየቀኑ የምንበላውና የምንጠጣው ነው። ለተራበ ማብላት፣ ለተጠማ ማጠጣት ሕክምና ሳይሆን ሰብአዊነት ነው። የሮማው ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በማርች 2004 በቱቦም ቢሆን ምግብና ውሃ መስጠት በመርሕ ደረጃ መደበኛ የእንክብካቤ ግዴታ ነው ብለው አስተምረዋል። (እሳቸውም በመጨረሻ ሕመማቸው በአፍንጫ በኩል የምግብ ቱቦ ገብቶላቸው፣ ከቴሪ ሁለት ቀን በኋላ አርፈዋል።) ደግሞም የጽሑፍ ቃል የላትም፤ ጥርጣሬ ካለ ፍርዱ ወደ ሕይወት ማድላት አለበት። ባልየው ከሌላ ሴት ጋር ሁለት ልጆች ወልዷል፤ ወላጆቿ እኛ እናስታምማት እያሉ ነው፤ ታዲያ ለምን አይሰጣቸውም? የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቾችም ከነሱ ጋር ቆሙ። የእነሱ ፍርሃት ሥር ያለው ነው፦ ዛሬ የሷ ሕይወት አይረባም ከተባለ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለሁትን እኔን ነገ ማን ይመዝነኛል? ጥቁር አሜሪካዊው የመብት ታጋይ ጄሲ ጃክሰን ከፕሬዚዳንቱ ፓርቲ ጋር የማይስማሙ ሆነው ሳለ መጥተው ከወላጆቿ ጋር ጸለዩ።

ይውጣ ያሉት ደግሞ እንዲህ መለሱ። ይህ እናት በእጇ የምታጎርሰው ጉርሻ አይደለም፤ በቀዶ ጥገና ገብቶ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ነው። ማንኛውም አዋቂ እንቢ ሊለው የሚችል ሕክምና ነው። ምግብ ስለሆነ አይነካም ካልን፣ አየር ከምግብ ይቀድማል፤ የመተንፈሻ ማሽን መለየት ከተፈቀደ ይህ ለምን ይከለከላል? ባልየው መፍታት፣ ማግባት፣ መገላገል ይችል ነበር፤ የቆየው የገባላትን ቃል ለመጠበቅ ነው። ገንዘቡም በአብዛኛው ለእንክብካቤና ለጠበቃ አልቋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ነገሩ የሷ ነው፤ የፕሬዚዳንት ወይም የምክር ቤት አይደለም። በወቅቱ የተሰበሰቡ የሕዝብ አስተያየቶች ያሳዩት ብዙው አሜሪካዊ ኮንግረስ እጁን ማስገባቱን እንዳልወደደ ነው።

የኩዊንላን ወላጆች ልዩነት ትዝ አላችሁ? ማሽኑን ለዩ፣ ቱቦውን ግን አልነኩም። በአመክንዮ ሲታይ የአየርና የምግብ ድጋፍ አንድ ናቸው የሚሉት ጠንካራ ክርክር አላቸው። ነገር ግን ሰው ለሰው ያለውን ፍቅር የሚገልጸው በማጉረስ በሆነበት በእኛ ዓይነቱ ባህል ያደገ ሰው የኩዊንላንን ወላጆች ሳይረዳቸው አይቀርም። እኔ ሁለቱንም ስሜቶች በአንድ ልብ ውስጥ አገኛቸዋለሁ፤ እንዲህ መሆኑም የሚያሳፍር አይመስለኝም።

ፊኛውና ሚዛኑ

ብዙ ሰው ያመነው በዐይኑ ባየው ነው። ወላጆቿ ያሳዩት አጭር ቪዲዮ በቴሌቪዥን ተደጋግሞ ታየ፤ ቴሪ እናቷን አይታ ፈገግ ያለች፣ በፊቷ የሚንሳፈፍ ፊኛ በዐይኗ የተከተለች ትመስላለች። በሴኔቱ የአብላጫው መሪ የነበሩት የልብ ቀዶ ሐኪም ቢል ፍሪስት ሳይቀሩ ቪዲዮውን አይተው የሐኪሞቹን ምርመራ ተጠራጠሩ። ግን ደቂቃዎቹ ተመርጠው የወጡት ከሰዓታት ቀረጻ ነው፤ በሙሉው ቀረጻ ላይ እንዲህ ያለ ምላሽ በቋሚነት አልታየም።

ከሞተች በኋላ የአስከሬን ምርመራ ያደረጉት ሐኪም ጆን ቶግማርቲን በጁን 2005 ውጤቱን ይፋ አደረጉ። አንጎሏ 615 ግራም መዘነ፤ በእሷ ዕድሜ ካለ ሰው ከሚጠበቀው ግማሽ ያህሉ ነው። የማየት ሥራ የሚሠራው የአንጎል ክፍል ጠፍቷል፤ ታያለች ስትባል ዐይነ ስውር ነበረች። ጉዳቱ የሚመለስ አልነበረም። በሌላ በኩል ባልየው ደብድቧታል ለሚለው ወሬም ምንም ማስረጃ አልተገኘም።

ጌታው የለም፣ ዘበኛው ብቻ ነው ያሉት ሐኪሞች ስለ ቴሪ ትክክል ነበሩ ማለት ነው። ታሪኩን እዚህ ላይ ዘግቶ መሄድ ይቀላል። እኔ ግን የማልዘጋው ቀጥሎ በመጣው ምክንያት ነው።

በ2006፣ ቴሪ ካረፈች በዓመቱ፣ በእንግሊዝ ካምብሪጅ አድሪያን ኦዌን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በመኪና አደጋ ተጎድታ ቬጄቴቲቭ ነች የተባለችን የ23 ዓመት ሴት የአንጎል ምስል ማንሻ ውስጥ አስገቧት። «ቴኒስ እየተጫወትሽ እንደሆነ አስቢ» አሏት። እንቅስቃሴን የሚያቅደው የአንጎሏ ክፍል እንደ ጤነኛ ሰው በራ። «ቤትሽ ውስጥ ከክፍል ክፍል ስትሄጂ አስቢ» ሲሏት ሌላው ክፍል በራ። ጣቷን እንኳ ማንቀሳቀስ የማትችለዋ ሴት ትሰማ ነበር! በ2010 በተደረገ ተከታይ ጥናት ደግሞ አንድ በሽተኛ ቴኒስን ለ«አዎ»፣ ቤትን ለ«አይደለም» አድርጎ ጥያቄ መለሰ። በ2024 በበርካታ አገሮች የተደረገ ጥናት ለትእዛዝ ምንም ምላሽ የማይሰጡ 241 ሰዎችን መርምሮ በ60ዎቹ፣ ማለትም ከአራት በአንዱ፣ እንዲህ ያለ የተደበቀ መረዳት አገኘ።

ይህ የቴሪን ነገር ይለውጣል? አይለውጥም፤ አብዛኛው የአንጎሏ ቅርፊት ጠፍቶ ነበር፤ የምስል ማንሻው የሚያገኘው ነገር አልነበረም። ለወደፊቱ ግን በጣም ይለውጣል። «ማንም የለም» ለማለት ከአልጋው አጠገብ ሆኖ ማየት ብቻ እንደማይበቃ ያስተምራል። ደግሞ ሌላ ከባድ ጥያቄ ይወልዳል፤ እዚያ ውስጥ ሰው ካለ፣ ይህ እንዲቆይ የሚያደርግ ምክንያት ነው፣ ወይስ አለመናገሩንና አለመንቀሳቀሱን እያወቀ መኖሩ ይበልጥ የሚያስጨንቅ? መልሱ ከሰው ሰው ይለያያል። ለዚህ ነው ነገሩ ተመልሶ ወደ ሰውየው ቃል የሚመጣው።

ስለ እኛ

በእኛ ዘንድ ሞትን አስቀድሞ ማንሳት ሟርት ነው። «አታሟርት!» ይባላል። ክፉ በሽታ እንኳ ለታማሚው ሳይሆን ለቤተሰቡ ነው የሚነገረው። ኑዛዜ ግን እናውቃለን። ሽማግሌ ተጠርቶ፣ መሬቱ ለእገሌ፣ ቤቱ ለእገሊት፣ ቀብሬም በዚህ ይሁን ይባላል። የምናወርሰውን ንብረትና የምንቀበርበትን ቦታ በቃል እናስቀምጣለን። በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ሰውነታችን ገና እየተነፈሰ አፋችን የተዘጋበትን ጊዜ ግን ባዶ እንተወዋለን። የቴሪ ሺያቮ አሥራ አምስት ዓመት ያለው በዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው።

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህ ለእናንተ የሩቅ ወሬ አይደለም። በክሩዛን ጉዳይ ምክንያት በ1990 የወጣ ሕግ ከተከታዩ ዓመት ጀምሮ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ለሚተኛ አዋቂ ሁሉ ስለ ሕክምናው አስቀድሞ የጻፈው ቃል እንዳለ እንዲጠይቁ አስገድዷል። ወረቀቱን ብዙዎቻችን እንደ ተራ ፎርም «የለኝም» ብለን እናልፈዋለን። ምንም ካልጻፋችሁ በብዙ ግዛቶች ሕጉ በራሱ ተራ ሰው ይመርጣል፤ መጀመሪያ የትዳር ጓደኛ፣ ቀጥሎ አዋቂ ልጆች፣ ከዚያ ወላጆች። የእኛ ቤተሰብ ግን በዚያ ተራ አይሄድም። አንዱን ያሳደገችው አክስቱ ናት፤ ሌላዋ ከባሏ ጋር ከተለያየች ዓመታት ቢቆጠሩም በወረቀት አልተፋቱም። ሕጉ አክስቲቱን አያስቀድማትም። ስሟን ካልጻፋችሁላት በር ላይ ልትቆም ትችላለች።

ስለዚህ የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስለ እኔ የሚናገር እገሌ ነው ብላችሁ አንድ ሰው ሰይሙ፤ በጽሑፍ። ሁለተኛውና ከባዱ፣ ለዚያ ሰው የልባችሁን ንገሩት። «እስከ መጨረሻው ታገሉልኝ፣ ተአምር እጠብቃለሁ» የምትሉ ከሆነ ይህም ቃል ነው፤ ይነገር። «መመለስ ከሌለ አታቆዩኝ» የምትሉም ንገሩ። «ምግብና ውሃ ግን አይከልከለኝ» የምትሉም እንደ ኩዊንላን ቤተሰብ የከበረ ሐሳብ ነው። የትኛው ትክክል እንደሆነ ልነግራችሁ አልመጣሁም። ያልተነገረው ግን ፍቅርን ወደ ክስ እንደሚለውጥ አይተናል።

እኔ ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት ቡና ላይ ለታናሽ እህቴ የኔን ነገርኳት። መጀመሪያ «ተው እንግዲህ፣ ምን ያስወራሃል» አለች። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ጠየቀችኝ፤ ሦስተኛው ላይ የራሷን ነገረችኝ። አሳቧ ከኔ የተለየ ነበር። ባትነግረኝ ኖሮ በፍቅር ተሞልቼ የማትፈልገውን አደርግባት እንደነበር ያኔ ገባኝ።

በክሊርዋተር ያለው ድንጋይ ላይ መካከለኛውን ቀን ያስቀረጸው ባሏ ነው። ወላጆቿ ቢሆኑ ኖሮ ልጃቸው እስከ 2005 በሕይወት ነበረችና ባላስጻፉት ነበር። አንዱ ድንጋይ ሁለት ዓይነት ሐዘን ተሸክሞ ቆሟል። በላዩ ላይ የሌለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዕለታት በአንዱ ቀን፣ ጤነኛ ሳለች፣ በሁሉም ፊት ቁርጡን ብትናገር ኖሮ ይቀረጽ የነበረው የቴሪ የራሷ ቃል።